የተቀቀለው ሃርሞኒካ

ሃርሞኒካ እንደማይቀቀል ያወቅሁት ከቀቀልኩት በኋላ ነው። ይህን በመጀመሪያው መስመር ማስፈሬ ወጉን ያበላሸሁት እንዳይመስላችሁ። አስተማሪ ነኝ፤ የዕለቱን ርእስ ከሰሌዳው ራስ ላይ ሳልጽፍ ማስተማር አይሆንልኝም። ርእሱ ይኸው ተጽፏል። አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

አሰበ ተፈሪ የተመደብኩት ከመምህራን ማሠልጠኛ በወጣሁ ማግስት፣ ብሔራዊ ውትድርና የየቤቱን ወጣት በሚጠራበት ዘመን ነው። ከተማይቱ ተራራ ተደግፋ የተቀመጠች ናት። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከላይ ይወርድና የጫት መኪኖችን ጡሩምባ ብቻ ትቶ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። የራሴን በር በዳሰሳ ያገኘሁበት ቀን አለ። አገሬ መንዝ ስለሆነ ብርዱና ጉሙ አላስደነገጡኝም። ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው። ሰው ይጫወታል፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ማሽላ፣ ስለ ቦኬ ገበያ ይጫወታል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ሲነሣ ግን ሁሉም አንድ ላይ ወደ በሩ ያያል።

ሀብቴ አንድ ጊታር ነበር። ስድስተኛው ክር ከተበጠሰ ቆይቷል፤ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተክቼዋለሁ። ድምፁም የብስክሌት ነው። አንድ ቀን አሮጌ መጽሔት ላይ አንድ ሰው ጊታር እየመታ፣ አንገቱ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ ሃርሞኒካ ሲነፋ አየሁ። አሰብኩበት። ጊታር ስጫወት ቀኝ እጄ ሥራ አለው፤ ግራ እጄ ሥራ አለው፤ እግሬ እንኳ ምት ይቆጥራል። ሥራ ፈቱ አፌ ብቻ ነው። ሥራ የፈታ አፍ በዚያ ዘመን ባለቤቱን የት እንደሚያደርስ ደግሞ ልጅ ያውቀዋል። ሃርሞኒካ የጎረሰ ሰው ግን ምንም ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ነገሩ ከሙዚቃ ይልቅ ወደ ጥንቃቄ ያደላ ነበር።

እንደ ልማዴ ዕቅድ አወጣሁ። ደብተር አስምሬ ዓላማ፣ ይዘት፣ መርጃ መሣሪያ፣ ምዘና የሚሉ ዓምዶች አበጀሁ። መምህር፦ እኔ። ተማሪ፦ እኔ። ከግርጌው «የሳምንቱ ሌሎች ሥራዎች» የሚል ቦታ ነበረ፤ እዚያም «ለእናቴ ደብዳቤ መጻፍ» ይላል። ይህ ሥራ ከመስከረም ጀምሮ ከአንዱ ሳምንት ወደሚቀጥለው ሲዛወር የከረመ ነው። ለደብዳቤው ስስ ወረቀት ሁሉ ገዝቼለት ነበር። የዕቅድ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ያልሠራኸውን በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ያሳይሃል።

ሃርሞኒካ በከተማው ሱቅ ሁሉ ጠፋ። የተገኘው እዚያው ግቢዬ ውስጥ፣ ከአከራዬ ከእማማ መይሮ ዘንድ ነው።

እማማ መይሮ ባላቸውን ቀብረው፣ ጉልት ላይ ጫት እየሸጡ አንድ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጃቸው ዩስሪ ከመቻራ ቡና በሚያመጣ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበር። ሲመለስ ከጆንያዎቹ አናት ላይ ተቀምጦ ሃርሞኒካውን ይነፋል፤ መኪናው ከተራራው መታጠፊያ ሳይወጣ እናቱ ድምፁን ሰምተው ድስት ይጥዳሉ። «ሲርበው ሌላ ነው፣ ሲጠግብ ሌላ ነው» ይሉኝ ነበር። «ያመመው ቀን ደግሞ እስኪወርድ አልጠብቅም፤ ፌጦ ወቅጬ እጠብቀዋለሁ። አንድ ቀን አልተሳሳትኩም፣ ወላሂ!» ዩስሪን ለውትድርና ከወሰዱት ዓመት ሊሞላው ነበር። አንድ ደብዳቤ ጽፏል፤ ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ምንም የለም።

ሃርሞኒካውን ለአንድ ወር ቢያውሱኝ ብዬ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ከሳጥናቸው ሥር በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«ልብሱን አጠብኩት» አሉ። «ሞኝ ነኝ። ሽታው ሄደ። ይሄን ግን አልጠረግኩትም፤ ትንፋሹ አለበት።»

«እጠነቀቅለታለሁ፣ እማማ።»

«ሁለት ነገር ስማኝ። ከግቢ አይውጣ። ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ንፋው፤ መኪናው የሚገባው በዚያ ሰዓት ነበር። ቶሌ?»

«ቶሌ» አልኩ፤ እሺ ማለት ነው። ከአፋን ኦሮሞ አጥርቼ የማውቀው ቃል እሱ ነበር፤ እሱንም እንደምታዩት አላከበርኩትም።

የአንገት መያዣውን በያጁ አብዱሬ ከአሮጌ የአልጋ ሽቦ ሠራልኝ። ልኬን ሲወስድ ቀንበር የሚለካልኝ ይመስል ነበር።

«ቀና በል፣ ቲቸር። ይሄ ምን ሊሆን ነው?»

«ሃርሞኒካ ይይዝልኛል።»

«እጅህስ?»

«እጄ ጊታር ይይዛል።»

«ሁለቱን ባንድ ጊዜ?» አብዱሬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ተው አቦ! ሰው አንዱንም አልቻለ!»

ያን ቀን አንድ እጄ የተማሪ ደብተር፣ ሌላው የላምባ ጠርሙስ ስለያዘ መያዣውን አንገቴ ላይ አጥልቄው ወደ ቤት ሄድኩ። ይህ ቀላል የሥራ ክፍፍል ነው። ጫት ተራ ስደርስ ግን አንዲት ሴት «ዋይ! አስተማሪው አንገቱን ተሰብሯል!» አለች። ልናገር ዞርኩ፤ መያዣው ስለሚቆጠቁጠኝ የዞርኩት ከነትከሻዬ ነው፤ ያ ደግሞ ወሬውን አጸናው። ቤቴ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ እማማ መይሮ ወጌሻ ሊያስጠሩ ደጃፍ ቆመዋል። የመያዣውን ጥቅም ከነአሠራሩ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ አንገቴን ዳሰሱ፤ ደህና መሆኑን አረጋገጡ፤ ከዚያ ለማንኛውም ብለው ቅቤ ቀቡኝ።

ትምህርቱ ተጀመረ። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ሃርሞኒካ በሁለት የብረት ክዳን መሐል የተቀመጠ ባለ ብዙ ቀዳዳ እንጨት ነው። ከሌላው የትንፋሽ መሣሪያ የሚለየው ትንፋሽ ሲያስወጡም ሲያስገቡም መጮኹ ነው። ስለዚህ ማረፊያ የለውም፤ የሰው ልጅ እስካልሞተ ድረስ ይጮኻል። ከጊታር ጋር ሲሆን ደግሞ መከራው እጥፍ ነው። እጄ ሲፈጥን አፌ ይዘገያል፤ አፌ ሲደርስ እጄ አልፏል። ሁለቱ በእኔ አካል ውስጥ የሚኖሩ የተኳረፉ ጎረቤታሞች ነበሩ።

እማማ መይሮ ግን በየቀኑ ከሶላታቸው በኋላ በሬ ፊት ምንጣፍ አንጥፈው ይቀመጣሉ። ጊታሩን የሰሙት አይመስለኝም። ዓይናቸውን ወደ ተራራው መታጠፊያ አድርገው ያደምጡና፣ ሳበቃ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ተነሥተው ድስት ሊጥዱ ይገባሉ። እኔም በምዘናው ዓምድ «በጣም ጥሩ» ብዬ እሞላለሁ። ያን ጊዜ ነበር ማሰብ የነበረብኝ። እንደኔ የሚነፋ ሰው በማንም አፍ አልተመሰገነም።

በሦስተኛው ሳምንት ሳል ያዘኝ። ደረቅ፣ ከሆድ የሚነሣ፣ የማይጨርስ ሳል። ጓደኛዬ ጥላዬ ሊጠይቀኝ መጣ። ጥላዬ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ጤና ረዳት ነው፤ እንደኔው ባዳ፣ እንደኔው ደንብ ወዳድ። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ መያዣውን አየ፤ ቀጥሎ ሃርሞኒካውን አየ።

«የማን ነው?»

«የዩስሪ። የአከራዬ ልጅ።»

«እና ሳይታጠብ ነው አፍህ ውስጥ የምትከተው?»

«በመሐረብ እጠርገዋለሁ። እናቱ እንኳ አልጠረግኩትም ብለውኛል፤ ማለት፣ ሆን ብለው ነው፣ ትንፋሹ...»

«አልተጠረገም?» ብድግ አለ። «ራሳቸው ነገሩህ? አንተ የሳይንስ አስተማሪ አይደለህም? ትናንት ለልጆቹ ስለ ምራቅና ስለ ተዋሲያን ሥዕል የሣልክላቸው አንተ አይደለህም? ይሄ መሣሪያ ትንፋሽ ያስገባል አላልከኝም?»

«ያስገባል።»

«በል ዓመት የሞላው የሰው ትንፋሽ ሳብ!»

እውነቱን ልናገር፤ ያሸነፈኝ ፍርሃት አይደለም። ያሸነፈኝ ሥዕሉ ነው። አንድ አስተማሪ በሥዕል ያስተማረውን በአፉ ሊያፈርስ አይችልም። ሃርሞኒካውን ኮቴ ውስጥ ደብቄ ከግቢ አወጣሁት፤ አንደኛው ቃል እዚያ ላይ ፈረሰ። ጥላዬ ክሊኒኩ ውስጥ በመርፌ መቀቀያው ድስት ጨመረውና ሰዓቱን ከእጁ አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አደረገ። «ሃያ ደቂቃ» አለ። «መቀቀል የማይገድለው ነገር የለም።»

እውነቱን ነበር።

ስናወጣው እንጨቱ እንደ ተነከረ ባቄላ አብጧል። የእንጨቱ ጥርሶች ከብረት ክዳኑ ወጥተው ገጥጠዋል። ነፋሁት፤ ምንም። ሳብኩት፤ የፈላ ውኃ። እርጥበት በሙቀት ይተናል ብዬ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣሁት፤ ጉሙ ገለጥ ብሎ ፀሐይ የወጣችው በዚያ ሳምንት ለአንድ ቀን ነው፤ በዚያችው ቀን እንጨቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

ግን ገና በተቀቀለበት ዕለት ዐስር ሶላት ደርሶ ነበር። እማማ መይሮ ምንጣፋቸውን ዘርግተዋል። መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን መላ ፈለግሁ። ድምፅ የሚፈጠረው በንዝረት እንደሆነ በአምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ስለዚህ የፀጉር ሚዶዬን አንሥቼ ለእናቴ ከገዛሁት ስስ ወረቀት አንድ ቅጠል ቀድጄ ጠቀለልኩበት፤ መያዣው ላይ አሰርኩት፤ መጋረጃውን ጋረድኩና ከበስተኋላው ሆኜ ጊታሬን እየመታሁ በሚዶው ላይ አፏጨሁ፣ አንጎራጎርኩ። በዚያ ላይ ሳሉ አለ። ንብ የገባበት ጡሩምባ ጉንፋን ቢይዘው እንዲያ ይጮኽ ነበር።

ሳበቃ አልሃምዱሊላህ አልመጣም። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። እማማ መይሮ ምንጣፋቸው ላይ ናቸው፤ ዓይናቸው መታጠፊያው ላይ ነው። ያን ቀን ድስት አልተጣደም።

በሁለተኛው ቀን ወረቀቱ በምራቅ ስለራሰ ሌላ ቅጠል ቀደድኩ። በሦስተኛውም እንዲሁ። እማማ መይሮ ጉልት መውጣት ተዉ። በአራተኛው ቀን ከግቢው ውስጥ የሙቀጫ ድምፅ ሰማሁና ወጣሁ። ፌጦ እየወቀጡ ነው። አጠገባቸው በጨርቅ የታሰረ ትንሽ ስንቅ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ ብልቃጥ ማር አለ።

«የት ሊሄዱ ነው፣ እማማ?»

«ሐረር። ቁስለኛው፣ በሽተኛው እዚያ ይመጣል አሉ። ነገ በጠዋቱ መኪና እሄዳለሁ። ፍየሏን ለአብዱሬ ሚስት ሰጥቻለሁ፣ ታልባለች።»

«ምን ሰምተው ነው?»

«አንተ አልሰማህም? በእጅህ ይዘኸው?» ዘነዘናውን አቆሙ። «ደረቱን ታሟል። አራት ቀን ሙሉ እሰማለሁ። በፊት ደህና ነበር፤ አንተ ስትነፋው ደህና መሆኑን እሰማ ነበር። አሁን ትንፋሹ ያፍናል። ብቻውን ነው፣ ኢልማ ኮ። ልጄ ብቻውን ነው።»

አሁን ገባኝ። ያ ሁሉ «በጣም ጥሩ» የእኔ ማርክ አልነበረም።

መጀመሪያ በሳይንስ ሞከርኩ። አስተማሪ ሲጨንቀው የሚሸሸው ወደ መማሪያ መጽሐፉ ነው። «እማማ፣ እዚህ ያለ ዕቃ ሩቅ ስላለ ሰው ሊናገር አይችልም። ድምፅ እንዲጓዝ...»

«አንተ አይደለህ መሠረተ ትምህርት ስታስተምረን፣ ሬዲዮ ያለ ሽቦ ነው፣ በአየር ነው የሚመጣው ያልከኝ?»

«ሬዲዮ ማሠራጫ አለው።»

«ልጅም እናት አለው» አሉና ዘነዘናቸውን አነሡ።

ዕቃቸውን አየሁ፤ ጋቢውን፣ ማሩን። አንዲት ሴት በእኔ ሚዶ ምክንያት ልጇን ከማታውቀው አልጋ ልትፈልግ ነው፤ በየአልጋው የምታየው ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ነው። ከተናገርኩ የልጃቸውን ትንፋሽ አጥቤ መድፋቴን ያውቃሉ። ካልተናገርኩ ይሄዳሉ። ወደ ቤት ገብቼ የተሰነጠቀውን ሃርሞኒካና ሚዶውን አመጣሁ፤ መሬት ላይ ተንበርክኬ ሁለቱንም ምንጣፋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ዩስሪ አልታመመም፣ እማማ። ማለት፣ መታመሙን በዚህ ሊያውቁ አይችሉም። አራት ቀን የነፋሁት ይህን ሚዶ ነው። ሃርሞኒካው ተበላሽቷል። ቀቀልኩት።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ምን አደረግከው?»

«ቀቀልኩት። ተዋሲያን እንዳይኖረው።»

«እንደ ድንች?»

«አዎ።»

«ምን ያህል ጊዜ?»

«ሃያ ደቂቃ። በሰዓት።»

ሃርሞኒካውን አነሡ፤ ወደ ጆሯቸው አስጠጉ፤ ቀጥለው ወደ አፍንጫቸው። የዩስሪ የነበረው ነገር ሁሉ በክሊኒኩ ቦይ ወርዶ እንደሄደ ከፊታቸው አየሁ። ስድብ ጠበቅሁ። ከግቢዬ ውጣ የሚለውን ጠበቅሁ፤ ደብተሬን በየትኛው ሳጥን፣ ጊታሬን በምን እንደምሸከም እንኳ በልቤ አቀድኩ። እማማ መይሮ ግን ሃርሞኒካውን በሻሹ መልሰው ጠቀለሉት፤ ቋጠሮውን አጠበቁት።

«እንግዲያ ያ የሚያፍነው ደረት የሱ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው።

«አይደለም።»

«አልሃምዱሊላህ።»

ይህኛውን አልሃምዱሊላህ በየትኛውም ዓምድ አልሞላሁትም።

እዚህ ላይ አንባቢ የዩስሪ ደብዳቤ መጣ እንድለው ይጠብቅ ይሆናል። ብል ደስ ይለኝ ነበር። እኔ እዚያ ከተማ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ አልመጣም። እማማ መይሮ ሐረር አልሄዱም፤ ግን ከዐስር ሶላት በኋላ ምንጣፋቸውን ማንጠፍ አልተዉም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ያዳመጡት ጉሙን ብቻ ነው።

ያን ዕለት ግን ገና አልጨረሱኝም ነበር። የወቀጡትን ፌጦ በማር ለውሰው በማንኪያ ወደ አፌ አመጡት።

«ዋጥ። ያ ትንፋሽ የማን ነበር?»

«የኔ።»

«በል ጆሮዬ አልተሳሳተም። ደረትህ ጥሩ አይደለም። እናትህ ታውቃለች?»

«ምኑን?»

«መታመምህን። መኖርህን።»

ፌጦው ያቃጥል ነበር፤ ዓይኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው ብዬ ላስረዳቸው ፈለግሁ።

«መቼ ጻፍክላት?»

«በመስከረም... ልጽፍ ዐቅጄ ነበር።»

«ያ ረቢ!» አሉ። «የኔ ልጅ ጠመንጃ ተሸክሞ አንድ ጻፈ። አንተ እርሳስ ተሸክመህ...» ቀሪውን አልጨረሱትም። አላስፈለገም። ወደ ቤቴ ገብተው ጠረጴዛዬ ፊት አስቀመጡኝና ራሴ ላይ ቆሙ። ከስሱ ወረቀት አንዲት ቅጠል ቀርታ ነበር፤ ሌሎቹን ሚዶው በልቷቸዋል። ጤንነቴን፣ የከተማውን አቀማመጥ፣ የተማሪዎቼን ብዛት በቅደም ተከተል ጻፍኩ። አጥፌ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት።

«እናትህ ማንበብ ታውቃለች?» አሉኝ።

«አታውቅም። ቄሱ ያነቡላታል።»

«ታዲያ ጽሑፉ የቄሱ ነው፤ የሷ የቱ ነው? ሳታሽገው እፍ በልበት።»

«እማማ፣ ከአፍ የሚወጣው አየር እኮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሰውነት የማይፈልገው ነው።»

«ይሁን» አሉ። «እሱንም ላክላት።»

እፍ አልኩበት። ቶሎ አሸግኩት።

በማግስቱ ፖስታ ቤት ወሰድኩት። ጸሐፊው ቴምብር ለጠፈ፤ ከዚያ ፖስታው ነፋ ማለቱን አይቶ በመዳፉ ሊጨፈልቀው እጁን አነሣ።

«ቀስ!» ብዬ ጮኽኩ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ምነው?» አለ ጸሐፊው። «የሚሰበር ነገር አለበት?»

ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

«አዎ» አልኩት።